የታየውና ያልታየው፦ የወሎ ድርቅና ዘጋቢ ፊልሞቹ



ስለ ወሎ ድርቅ የተነሡት ዋና ዋና ዘጋቢ ፊልሞች በአንድ ቀን፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ እንደተነሡበት ዘመን ቅደም ተከተል ቢታዩ፣ ተመልካቹ የሚያገኘው ትምህርት እያንዳንዱን ለብቻው ካየበት ጊዜ የተለየ እንደሚሆን አያጠራጥርም። አንድ ፊልም ብቻውን ሲታይ ያስደነግጣል፣ ያስለቅሳል፣ ለዕርዳታም ያነሣሣል። ተከታትለው ሲታዩ ግን ከኀዘኑ ይልቅ ጥያቄው ይበረታል። በ1966 ዓ.ም. በመንገድ ዳር የታየው የተራበ ሕዝብ በ1977 ዓ.ም. በዚያው መንገድ ዳር እንዴት እንደገና ሊታይ ቻለ? ፊልሙን ያየ መንግሥት፣ ፊልሙን ያየ ዓለም፣ ከመጀመሪያው ምን ተማረ?

ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐሳብ የዚህን የአንድ ቀን ትርዒት መልክ የተከተለ ነው። ዓላማውም ፊልሞቹን ለማመስገን ወይም ለመንቀፍ ሳይሆን፣ ካሜራ በረሃብ ላይ ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን ማድረግ እንደማይችል ለይቶ ለማሳየት፣ በዕርዳታና በማቋቋም ሥራ ላይ ለተሰማሩትም የሚጠቅመውን ነጥብ ለማውጣት ነው።

አካባቢውና መንገዱ

ወልዲያ ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን 520 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ፣ ከደሴ ወደ መቀሌ የሚወስደው አውራ ጎዳና የሚያልፍባት ከተማ ናት። በቀድሞው አከፋፈል የየጁ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬ የሰሜን ወሎ ዞን መቀመጫ ናት። መርሳ ከወልዲያ በስተ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በዚሁ ጎዳና ላይ የምትገኝ የሀብሩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከጎዳናው በስተ ምዕራብ ደጋው ወደ ላስታ፣ ወደ ዋድላና ወደ ደላንታ ይወጣል፤ በስተ ምሥራቅ ቆላው ወደ አፋር ይወርዳል። ቆላውና ወይና ደጋው በማሽላና በጤፍ ሲኖር፣ ደጋው አብዛኛውን ጊዜ የሚተማመነው በበልግ ዝናብ ነው።

ይህ የመሬት አቀማመጥ የረሃቡን ጉዞ ይወስናል። በልግ ሲከሽፍ የደጋው ገበሬ መጀመሪያ ፍየሉንና በጉን፣ ቀጥሎ በሬውን ይሸጣል። ጎልማሳው ለቀን ሥራ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል፤ ሴቶችና ሕፃናት ማገዶ እየለቀሙ ወደ ገበያ ያወርዳሉ። የሚሸጥ ነገር ሲያልቅ ቤተሰቡ በሩን ዘግቶ ቁልቁል ወደ ጎዳናው ይወርዳል። እንግዲህ ወልዲያና መርሳ፣ ወይም በስተ ሰሜን ቆቦና ኮረም፣ ረሃቡ ለዓይን የሚታይባቸው ቦታዎች እንጂ የተጀመረባቸው ቦታዎች አይደሉም። ፊልም አንሺው ግን የሚመጣው በመኪና ነው፤ መኪናውም የሚሄደው በጎዳናው ነው። ስለዚህ በእነዚህ ፊልሞች ሁሉ የምናየው የረሃቡን የመጨረሻ ምዕራፍ ነው።

የጠዋቱ ትርዒት፦ 1966 ዓ.ም.

በቀኑ መጀመሪያ የሚታየው የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለው ፊልም ነው። ቴምዝ በተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ተዘጋጅቶ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ታየ። በወሎ የመጠለያ ጣቢያዎች በቆሻሻ መሬት ላይ የተኙ ሰዎችን፣ የሞቱትን የሚከፍኑ ዘመዶችን፣ ጥቂት ምግብ ለመቀበል የተሰለፉ እናቶችን አሳየ። የተመልካቹ ምላሽ ፈጣን ነበር፤ ከሕዝብ የተዋጣ ብዙ ገንዘብ በአጭር ጊዜ ተሰበሰበ።

ይሁን እንጂ የፊልሙ ስም ራሱ ሊመረመር ይገባዋል። ረሃቡ ያልታወቀው ለማን ነው? ለየጁና ለራያ ገበሬ የታወቀ ነበር። በየወረዳው ሪፖርት ለሚጽፈው ሹም የታወቀ ነበር። ከዩኒቨርሲቲ ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን በ1965 ዓ.ም. ያነሷቸው ፎቶግራፎች በግቢው ውስጥ ታይተው ተማሪውን አስቆጥተው ነበር። በዚያው ዓመት ከወሎ ተነሥተው ወደ አዲስ አበባ የተጓዙ ገበሬዎችም ነበሩ። ረሃቡ የታወቀ ሆኖ ሳለ እንዳይነገር ተደረገ ማለት ይቀላል። የአገር ስም እንዳይጎድፍ፣ ጎብኚ እንዳይቀር፣ በላይ ያለው እንዳይቆጣ ተብሎ የተያዘው ዝምታ የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት ጠይቋል። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ቁጥር እንደ ገማቹ ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል።

ፊልሙ ሁለተኛ ሕይወትም አግኝቷል። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ በዘመን መለወጫው ዕለት፣ የቤተ መንግሥት ግብዣን በሚያሳዩ ምስሎች እየተቆራረጠና እየተቀነባበረ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከሥልጣን ወረዱ። በዚያን ጊዜ የቴሌቪዥኑ ሥርጭት ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ ብዙም አይርቅም ነበር። ስለዚህ የመርሳ ሰው የገዛ ጎረቤቱ የታየበትን ፊልም አላየም። ያየው የከተማው ሰው ነው፤ ያየውም በሁለት ወገን ተቆርጦ በተሠራ ታሪክ ውስጥ ነው። የተራበው ሰው ምስል አንድን ሥርዓት ለመጣል አገለገለ፤ ይህ የታሪክ እውነት ነው። ነገር ግን ለሥልጣን ለውጥ ያገለገለ ምስል በራሱ ጎተራ አይሞላም፤ ይህም በአሥር ዓመት ውስጥ ታይቷል።

ከዚህ ፊልም ጋር አብሮ ሊታወስ የሚገባው፣ ካሜራ ሊያነሣው የማይችለው ጉዳይ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በ1981 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው «ድህነትና ረሃብ» በተባለው መጽሐፉ የወሎን ረሃብ መርምሯል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ሕዝቡ የሚሞተውን ያህል እንዳልናረ፣ ከወሎም ወደ ሌላ አገር የሚወጣ እህል እንደነበረ አመልክቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰብሉ የጠፋበት ገበሬ እህሉን ብቻ ሳይሆን የመግዛት ኃይሉንም ስላጣ፣ ገበያው የእርሱን ረሃብ አልቆጠረውም። ነጋዴውም ገንዘብ ወዳለበት ይጭናል። የተራበን ሰው ፊት ማንሣት ይቻላል፤ ያልጨመረን ዋጋ ግን ማንሣት አይቻልም። ይህን የሚያየው መዝገብ ነው።

የቀትሩ ትርዒት፦ ከ1976 እስከ 1977 ዓ.ም.

የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው ከዚያ ጥፋት በኋላ፣ ጥፋቱም እንዳይደገም ነው። በመጀመሪያው ኮሚሽነር በአቶ ሽመልስ አዱኛ ዘመን የዝናብን፣ የሰብልንና የገበያን ሁኔታ የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተጀመረ። ሥራው ፍሬ አልባ አልነበረም። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. በኮሚሽነር ሻለቃ ዳዊት ወልደ ጊዮርጊስ አማካይነት ለለጋሽ አገሮች በቀረበው ጥሪ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ለአደጋ መጋለጡ ተገለጠ፤ ወደቦቹና መጓጓዣው ሊያስተናግዱ የሚችሉት ታስቦ 450 ሺህ ቶን እህል ተጠየቀ። ወረቀቱ ተጻፈ፣ ቁጥሩ ተነገረ፣ ስብሰባው ተካሄደ። የመጣው ምላሽ ግን ከተጠየቀው እጅግ ያነሰ ነበር።

በሐምሌ 1976 ዓ.ም. የቻርልስ ስቱዋርት «የተስፋ መቁረጥ ዘር» የተባለው ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። የተነሣውም በወሎ ነው። የእንግሊዝ የበጎ አድራጎት ማኅበራት በዚያው ሰሞን የጋራ ጥሪ አደረጉ፤ መጠነኛም ምላሽ አገኘ። ይህ ፊልም የመሬቱን መራቆት፣ የአፈሩን መከላትና የሕዝቡን ችግር አያይዞ ለማሳየት የሞከረ በመሆኑ በዚህ ቀን ከሚታዩት ሁሉ በትዕግሥት የተሠራው ነው ለማለት ይቻላል። በብዛት የሚታወሰው ግን እርሱ አይደለም።

የሚታወሰው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. በቢ.ቢ.ሲ. የተላለፈው የጥቂት ደቂቃዎች ዜና ነው። ምስሉን ያነሣው ኬንያዊው መሐመድ አሚን፣ ንባቡን ያዘጋጀው ማይክል በርክ ናቸው። ኮረም ያን ጊዜ የወሎ ክፍለ ሀገር ከተማ ነበረች፤ በሜዳዋም ወደ 40 ሺህ የሚሆን ሕዝብ ተሰብስቦ በንጋት ብርድ ይታያል። ዜናው ከ400 በላይ በሆኑ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተላለፈ። በኋላም ሙዚቀኞች ተሰባስበው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በለንደንና በፊላደልፊያ ያደረጉት ትልቅ የሙዚቃ ዝግጅት የዚህ ዜና ውጤት ነው። ከመጋቢት ጥሪ እስከ ጥቅምት ዜና ድረስ ሰባት ወር ገደማ አልፏል። በእነዚህ ወራት በአገር ውስጥ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ዝግጅት ይደረግ ነበር፤ የውጭ ጋዜጠኞችም ወደ ሰሜን እንዳይጓዙ ተከልክለው ቆይተዋል። በውጭ ደግሞ ለጋሾቹ የኮሚሽኑን ቁጥር ይጠራጠሩ፣ ከመንግሥቱ ጋር የነበራቸውን የፖለቲካ ቅራኔም ያሰሉ ነበር። በሁለቱም ወገን እህሉ ምስሉን ጠበቀ። አባቶች «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነው።

የጥቅምቱ ዜና የብዙ ሰው ነፍስ ማትረፉ የማይካድ ነው። መሐመድ አሚንም ለሥራው ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሏል፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. መጨረሻ በአዲስ አበባ በደረሰው የጥይት መጋዘን ፍንዳታ ግራ እጁን አጥቷል፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. የተጠለፈው የኢትዮጵያ አውሮፕላን በኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ በወደቀ ጊዜም ሕይወቱ አልፏል። ይሁን እንጂ ፊልሙ የተወው ጉድለት አለ። ረሃቡን ከጥንት ዘመን እንደ መጣ መቅሠፍት አድርጎ ስላሳየ፣ በሰሜኑ ይካሄድ የነበረውን ጦርነት፣ በንግድና በእህል ዝውውር ላይ የተጣለውን ገደብ፣ ገበሬው በግዴታ ያቀርበው የነበረውን የእህል ኮታ ተመልካቹ አላየም። ድርቅ ከሰማይ ነው፤ ድርቅን ረሃብ የሚያደርገው ግን አብዛኛውን ጊዜ በምድር ያለ ውሳኔ ነው። በዚያ ዘመን የሞተው ሰው ቁጥር ከ400 ሺህ እስከ 1 ሚሊዮን ይገመታል።

በዚሁ ትርዒት ለዕርዳታ ሠራተኛ ከሁሉ ይልቅ ከባድ የሆነው ክፍል በመቀሌ የምትሠራ ክሌር በርትሺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ የታየችበት ነው። የመመገቢያው ጣቢያ የሚቀበለው ሕፃን ቁጥር የተወሰነ ነበር፤ የቀሩት እጅግ ብዙ ነበሩ። ማን እንደሚገባ ማን እንደሚቀር መምረጥ በእርስዋ ላይ ወደቀ። ለብዙ ዓመት ስለዚያ ሳትናገር ቆይታ በኋላ በመጽሐፍ ጽፋዋለች። ምርጫው በእርስዋ ላይ የወደቀው በመጋቢት ያልተጫነው እህል በጥቅምት ስላልነበረ ነው። በቢሮ የዘገየ ፊርማ መጨረሻው በአንዲት ነርስ እጅ ላይ የሚያርፍ መሆኑን ይህ ምስል ያስተምራል።

የከሰዓት በኋላው ትርዒት፦ ሠፈራ

በኅዳር 1977 ዓ.ም. መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ከድርቅ አካባቢ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ለማሥፈር ማቀዱን አስታወቀ። እስከ 1978 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ወደ 600 ሺህ የሚሆን ሰው ተጓጓዘ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆነውም ከወሎ ነበር። ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ከፋ፣ በጎጃምም ወደ ፓዌ ተወሰደ።

የሠፈራው ምስል ሁለት ዓይነት ነው። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን የሚያሳዩት የታረሰ ሰፊ መሬት፣ ትራክተርና በመሥመር የተሠራ ጎጆ ነበር። ተቃዋሚው ወገን የሚያሳየው በግድ የተጫነን፣ ከባልዋ የተለየችን፣ በወባ የወደቀን ሰው ነበር። የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ማኅበር አፈጻጸሙን በይፋ በመቃወሙ በ1978 ዓ.ም. ከአገር እንዲወጣ ተደርጓል። በሁለቱም ምስሎች የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ሠፋሪው ራሱ፣ ከዓመታት በኋላ፣ በራሱ አንደበት ሲናገር አይታይም። የበሬ በሽታ ባለበት ቆላ የደጋ ገበሬ እንዴት አረሰ? ከነባሩ ሕዝብ ጋር በመሬት እንዴት ተስማማ? ልጆቹስ አገራቸው የት ነው ብለው አደጉ?

ይህ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልሱን በሌላ መንገድ ይዞ መጥቷል። በ1995 ዓ.ም. እንደገና በተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ካለፈው የተማረ መመሪያ ወጥቶ ነበር። ሠፋሪው በፈቃዱ፣ በክልሉ ውስጥ እንዲሠፍር፣ የቀድሞ መሬቱም ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት ተወስኗል። ይሁንና በቀድሞዎቹ ዘመናት ከወሎ ወደ ወለጋ ከሄዱት ወገኖች ብዙዎቹ፣ ከነልጆቻቸውና ከነልጅ ልጆቻቸው፣ በግጭት ተፈናቅለው በ2014 ዓ.ም.ና ከዚያ በኋላ ወደ ወሎ ተመልሰዋል። በሀብሩ ወረዳ በጃራ የመጠለያ ጣቢያ የተጠለሉም ነበሩ። አያት በረሃብ ወጥቶ የሄደበትን አውራ ጎዳና የልጅ ልጅ በስደት ተመልሶበታል። ከሠፈራ ፊልሞች ሁሉ የሚበልጠው ፊልም ይህ በሆነ ነበር፤ ለመሥራት ግን አርባ ዓመት መጠበቅና አንድን ቤተሰብ መከተል ይጠይቃል።

የማታው ትርዒት፦ ፊልም ያልወጣለት ድርቅ

በቀኑ መጨረሻ ሊታይ የሚገባው ፊልም እስካሁን በሰፊው አልታወቀም፤ ምክንያቱም የሚያሳየው ነገር ለካሜራ አይመችም። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት የደረሰው ድርቅ በብዙ አካባቢ ከ1977ቱ የማያንስ ነበር። 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ እንደሚያስፈልገው ተገልጾ ነበር፤ ሰሜን ወሎም ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ችግሩ ከባድ ነበር፤ ከብት አልቋል፣ ሕፃናት ተጎድተዋል። ነገር ግን እንደ ኮረም ያለ ሜዳ አልታየም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የተሻሻለው መንገድ፣ መንግሥት ከራሱ ገንዘብ ያወጣው የእህል ግዢ፣ የለጋሾችም ድርሻ ተባብረው ብዙው ሰው በቤቱ እንዳለ ዕርዳታ እንዲያገኝ አድርገዋል። በቤቱ እንዳለ ስንዴ የተቀበለ ገበሬ ለዜና አይሆንም። ለዕርዳታ ሥራ ግን ትልቁ ድል ይኸው ነው።

በአንጻሩ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ በተዛመተበት ጊዜ፣ በ2013 መጨረሻና በ2014 ዓ.ም.፣ ስልክና መብራት ተቋርጦ በወልዲያና በአካባቢዋ ያለው ሕዝብ ለወራት ያለ ካሜራም ያለ ዕርዳታም የቆየበት ሁኔታ ነበር። ፊልም አለመኖሩ አንድ ጊዜ የደኅንነት ምልክት፣ ሌላ ጊዜ የመዘጋት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን። ሁለቱን ለይቶ የሚያውቀው በቦታው ያለ የወረዳ ሠራተኛ ብቻ ነው።

ለሥራ የሚጠቅሙ ነጥቦች

ከዚህ የአንድ ቀን ትርዒት ለአስተዳደርና ለዕርዳታ ሠራተኞች የሚከተሉት ነጥቦች ይወጣሉ።

1ኛ/ የዕርዳታ ውሳኔ በምስል ላይ መመሥረት የለበትም። የፍየልና የእህል የዋጋ ንጽጽር፣ በመርሳና በወልዲያ ገበያ የሚቀርበው ማገዶ ብዛት፣ ለቀን ሥራ የሚወጣው ሰው ቁጥር፣ ከትምህርት ቤት የሚቀረው ሕፃን ቁጥር ከማናቸውም ፊልም ቀድመው ይናገራሉ። እነዚህ ሲናገሩ መስማት «ሳይቃጠል በቅጠል» ማለት ነው።

2ኛ/ ሕዝቡን በጎዳና ዳር መሰብሰብ ለፊልምም ለማደልም ይመች ይሆናል፤ ለተስቦ፣ ለኩፍኝና ለተቅማጥ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይመቻል። በቀድሞዎቹ መጠለያዎች ከሞተው ሰው ብዙው የሞተው በበሽታ ነው። እህሉ ወደ ሰው ይሂድ እንጂ ሰው ወደ እህሉ እንዳይሰደድ ማድረግ የመጀመሪያው ጥረት መሆን አለበት።

3ኛ/ የሚነሣው ሰው ስም፣ ክብርና ፈቃድ አለው። በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ፊልም ከታዩት ብዙዎቹ ስማቸው አልተጠየቀም። ፎቶግራፍ መነሣት የዕርዳታ ካርድ ማግኛ እንዳይመስል፣ እምቢ ያለም ከራሽኑ እንዳይጎድልበት በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

4ኛ/ ፊልሙ ቦታንና ቀንን ይያዝ፣ ምክንያትንም ይናገር። በአንድ ወረዳ የተነሣ ምስል ለሌላ ወረዳና ለሌላ ዓመት ሲያገለግል እምነት ይጠፋል፤ እምነት የጠፋበት ጥሪም በመጋቢት 1976 እንደታየው ሰሚ አያገኝም።

5ኛ/ ፊልሙ ወደ ባለቤቱ ይመለስ። በሀብሩ ቀበሌዎች፣ በትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም በገበያ ቀን በአደባባይ፣ እነዚህ ፊልሞች ዘመኑን ባሳለፉት ሰዎች ፊት ቢታዩ፣ ሽማግሌዎቹ የሚሰጡት ማረሚያ ለቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ሳይቀር የሚጠቅም ይሆናል። ሰው ሲያዩት ብቻ ሳይሆን ሲያርም ጭምር ሊታይ ይገባዋል።

6ኛ/ የማቋቋም ሥራ ይነሣ። ከመጠለያ ወጥቶ ወደ ቀየው የተመለሰው ቤተሰብ በሬ፣ ዘርና መሣሪያ አግኝቶ የመጀመሪያውን ምርት እስኪሰበስብ ያለው ጊዜ ከሁሉ የሚያሠጋው ነው። የፊልሙም የዕርዳታውም ትኩረት በዚህ ጊዜ ይርቃል፤ ብዙው ቤተሰብ ዳግም የሚወድቀውም ያን ጊዜ ነው።

በጠቅላላው፣ ካሜራ ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ የሚጠራው ጉዳዩ ከደረሰ በኋላ ነው። የወሎ ሕዝብ በሁለት ዘመን ለዓለም ሁሉ ምስክርነት ሰጥቷል፤ ሦስተኛ እንዲሰጥ መጠየቅ አይገባም። በወልዲያ፣ በመርሳና በሀብሩ ያለ የመንግሥትና የዕርዳታ ሠራተኛ ሥራውን በወቅቱ ከፈጸመ፣ ወደፊት ስለ አካባቢው ድርቅ የሚነሣው ፊልም የሚያሳየው ማሽላው ያላፈራበትን ማሳና ከነቤተሰቡ በቤቱ የተቀመጠን ገበሬ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ፊልም ብዙ ጣቢያ ላያሳየው ይችላል። ሊሠራለት የሚገባው ፊልም ግን እርሱ ነው።